ለመንገደኛ አይነገርም

«አምና ሲመለሱ ግን ዊልቸር ጠይቀዋል» አለ በኤርፖርቱ የፓስፖርት መስኮት የተቀመጠው ጠያቂ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሲሄዱ በእግርዎ፣ ሲመጡ በዊልቸር። ዛሬ ደግሞ ይኸው ቆመዋል። ምክንያቱን ያስረዱኝ።»

ተጠያቂዋ ፋርማሲስት ያልሰማች መሰለች። ከኋላዋ እናቷ፣ ባሕር ማዶ ለምትኖረው አራስ ልጃቸው የቋጠሩትን ጥቅል ታቅፈው ቆመዋል። ሴትዮዋ ቴሌቪዥን ሲያዩ «ድምፁን ጨምሩልኝ» ነው ሥራቸው፤ እንዳይሰሙ የተፈለገ ነገር ሲወራ ግን ጆሯቸው ሦስት ክፍል ያቋርጣል።

«ስህተት ይሆናል» አለች በሹክሹክታ።

«ስህተት የለውም» አለ ጠያቂው፣ እሱ ራሱ የተሰደበ ያህል። ወጣት ነው፤ የእስኪርቢቶውን ክዳን ያኝካል። «ይኸው! የመስኮት ወንበር፣ ጨው የሌለው ምግብ፣ ቲኬቱን የከፈለው የእህትዎ ባል፣ ዊልቸር። አየር መንገዱ ይልክልናል፣ እኛ እናስቀምጣለን።»

«ለምንድን ነው የምታስቀምጡት?»

«ለደህንነትዎ።»

«እስቲ ልየው።» አንገቷን ብታሰግግ፣ ከኮራጅ እንደሚከላከል ተማሪ ስክሪኑን በክንዱ ጋረደው።

«ይሄ ለመንገደኛ አይነገርም።»

«የኔ እኮ ነው!»

«የእርስዎ ነው። ግን ምስጢር ነው።»

ምስጢሩን ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ሰምቶታል። አንድ ባለ ከረባት ሰውዬማ፣ ጨው የሌለው ምግብ ሲባል ከልቡ አዝኖላት ራሱን ነቅንቋል።

አምና ለእናቷ «ለሥልጠና ነው» ብላ ነበር የሄደችው። አባቷ በሞቱ ሰሞን ነው። የእናቷ ደም ግፊት ወጥቶ አልወርድ ባለበት ሰዓት ሐኪሙ «ሆድሽ ውስጥ እጢ አለ» ሲላት፣ ይህን ወሬ ይዞ ቤት መግባት እናቷን ከአባቷ ጎን እንደ መቅበር ሆነባት። ስለዚህ ውጭ ሄዳ ሆዷን ተቀዳ፣ ተሰፍታ መጣች፤ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት «ሥልጠናው አድካሚ ነበር» አለች። እናቷም ሥልጠናውን ለሰፈሩ አዳረሱት። እስከ ዛሬ ጎረቤቱ ወገቡን ባመመው ቁጥር «ውጭ የሠለጠነችው ትየኝ» እያለ ያንኳኳል።

«ለብቻችን ልንገርህ» አለች። «አንድ ክፍል የላችሁም?»

«ክፍል አለን። እዚያ የሚገባው ግን ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ብዬ ልመዝግብዎ?»

የመሳፈሪያው የመጨረሻ ጥሪ ከጣሪያው በኩል ተንቋቋ። ጠያቂው ክዳኑን እያኘከ ጠበቃት። በጥፊ ብታጮለው ደስ ባላት፤ ግን ጥፊውም ተመዝግቦ በሚቀጥለው ጉዞዋ ሰው ፊት ሊነበብላት ነው።

«ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«የምን?»

«የእጢ። ሆዴን።»

«እንደሱ ይበሉኛ!» ፊቱ በራ። አንዲት ቁልፍ ነካ። «አለቀ። መሄድ ይችላሉ።»

ዞራ እናቷን ማየት ፈራች። መዞርም አላስፈለጋት፤ እናቷ አልፈዋት መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። ጥቅሉን ጠያቂው ፊት ዘጭ አደረጉት።

«ስማ፣ አንተ ልጅ። ይሄን ነገር መቼ ነው ያወቅኸው?»

«እማማ፣ ዊልቸሩን እንኳ ከአምና ጀምሮ...»

«ከአምና!» አሉ። «እኔ የወለድኳት ዛሬ፣ አንተ አምና።»

«እማዬ፣ መንገድ ላይ ላስረዳሽ፤ አውሮፕላኑ ሊሄድብን ነው...»

«ዝም በይ። አንቺ ሥልጠና ላይ ነሽ።»

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል በሳል ሸፈነው። እናትየው መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ከቆሙበት የሚታያቸው የስክሪኑ ጀርባ ብቻ ነው፤ እሱን አተኩረው አዩት።

«እስቲ እይልኝ» አሉ። ያ ሁሉ ድምፅ ድንገት ቀጥኖ ነበር። «ድና እንደሆነ ይላል?»

«ድኛለሁ እማዬ። አንቺ ትሙቺ፣ ድኛለሁ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አላነሱም።

ጠያቂው የተኘከውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በየመስመሩ፣ ቀስ እያለ ይፈልግላቸው ጀመር።