የቢላዋና የብርሃን ምሳ

በዚያ ዘመን ከጆሮው ሥር ለክፉ የማይሰጥ እባጭ የወጣበት ሰው ሁሉ እንደ እሱ የታመመ ሌላ ሰው ጥንድ ሆኖ ይሰጠው ነበር። የአንዱ እባጭ በቢላዋ፣ የሌላው በብርሃን፣ ማለትም በጨረር፣ ይጠፋል። ከዚያ ሁለቱ ሕክምናዎች እንዲነጻጸሩ ሁለቱ በዓመት አንድ ቀን ሐኪም ፊት አብረው ምሳ ይበላሉ።

ለማንጠግቦሽ የደረሳት ቢላዋ ነው። ጠባሳዋ እስከ አንገቷ ይወርዳል፤ ቢላዋው ነርቩን ስለነካውም በጎረሰች ቁጥር በዚያ በኩል ያለው ጉንጯ ያልበዋል። የብርሃኗ ጥንዷ ስመኝ ግን ጭረት እንኳ የላትም። ዘንድሮም ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ አንገቷን አሳይታ መጣች። ማንጠግቦሽ ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዋ ድረስ ወጣባት።

ክትፎው ቀረበ። ማንጠግቦሽ ገና ስትጎርስ ጉንጯ ራሰ፤ በመሐረብ ደበቀችው። በንዴት ለስመኝ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

"እንቺ፣ በሞቴ!"

ስመኝ ጎረሰች፤ አኘከች፤ አልወርድ አላት። በውሃ አወረደችው። ሐኪሙ "ብርሃን፦ ላብ የለም" ብሎ ቅጹ ላይ ጻፈና ስልክ ሊያነሳ ወጣ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች ማንጠግቦሽ።

"ከብርሃኑ ወዲህ ምራቄ ደርቋል እኮ። ሎሚ ሲቆረጥ ባይ እንኳ አፌ ውሃ አይሞላም።"

"ለምን አትነግሪውም?"

"ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።" ስመኝ የራሰውን ጉንጭ ትክ ብላ አየችው። "ቤት ስትበዪ ማን ይጠርግልሻል?"

"ባሌ ነዋ።"

"ታድለሽ!"

ማንጠግቦሽ መሐረቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ላቡ በደንብ እንዲታይላት ጉንጯን ወደ ስመኝ አዞረችና አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰች።