እናቱን ተኝታ ሳለች በክር የለካት ልጅ

«እትዬ ጓዴ... ልናገር ወይስ ይቅርብኝ?»

«አንዴ ከጀመርሽ ጨርሽው እንጂ!»

ጎረቤታቸው ትርሲት ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ...

«ልጅዎ ጓሮ ውስጥ ሳጥን እየሠራ ነው። ረዥም ሳጥን። ውስጡን በስፖንጅና በነጭ ጨርቅ ሲለብጠው በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

እማማ ጓዴ ክው አሉ።

የስማዳ ሰው ናቸው። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረና ልጃቸው ፍሬው ንፋስ መውጫ ከተማ ወደሚኖርበት ቤት አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው።

ፍሬው ሚስት የለውም። ቀን እዚያው ሰፈር ካለ ቢሮ ይውላል። ማታ ማታ ግን እንጨት ሲልግ፣ አሮጌ ሞባይል ሲፈታታ፣ ወጥ ሲያማስል ነው የሚያመሸው።

ሰፈርተኛው «ማጀት የገባ ወንድ» እያለ ያሾፍበታል። እሱ እቴ... ይስቃል።

እማማ ጓዴ የመጋዙን ድምፅ ሲሰሙ ሰንብተዋል። የልጅነት ዓመሉ ነው ብለው ንቀው ትተውት ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው...

በቀደም ማለዳ የተኙ መስሎት በክር ለክቷቸዋል! ከትራሱ ጀምሮ፣ ክንዳቸውን ተከትሎ፣ እስከ ጣታቸው ጫፍ። ከዚያ ክሩን ቋጥሮ ኪሱ ከተተው።

እሳቸው ደግሞ ቀሚስ ሊያሰፋልኝ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

«ውይ በሞትኩት! ለካ ለመቃብሬ ነው የለካኝ!»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ቀጠሉ።

«አባቶቼ በሰሌን ተጠቅልለው ነው አፈር የገቡት። እኔን የከተማ ሳጥን ውስጥ ሊከተኝ? ያውም ሳልሞት?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አሉ።

ድሮም ምሳ ላይ ችግር ነበር። ፍሬው ጠዋት ሠርቶ የሚተውላቸው ምግብ በንፋስ መውጫ ብርድ ድርቅ ብሎ ይቆያል። እሳቸው ደግሞ ቀዝቃዛ እህል አይወርድላቸውም። ለድመቷ ይሰጡና «በላሁ» ይሉታል።

አሁን ግን ጭራሽ እራትም ቀረ።

«እማዬ፣ በሞቴ አንድ ጉርሻ...»

«አፈር ለሚበላው ሆድ ምን ያደርግለታል!»

ፍሬው ግራ ገባው። እናቱ ዓይኑ እያየ ከሱ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። እሱ ደግሞ መጋዙን ይዞ ጓሮ ይሮጣል... መዶሻው በመታ ቁጥር እማማ ጓዴ ያማትባሉ።

በመጨረሻ ትርሲትን ጠሯት።

«የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ። ልጄን ረግሜው ነው የምሞት።»

«ኧረ በማርያም እትዬ! የእናት እርግማን እኮ መሬት አይወድቅም!»

«እንዳይወድቅ ብዬ ነዋ!»

በነጋታው ጠዋት ፍሬው ሳጥኑን እየገፋ አመጣና አልጋቸው አጠገብ ገተረው።

«እማዬ፣ ስሚኝማ፣ ይሄ እኮ...»

«ውጣልኝ!»

ጋቢያቸውን ተከናንበው ጆሯቸውን ደፈኑ። ፍሬው ሥራ ረፍዶበት ነበርና አንድ ሁለት ነገር አጉረምርሞ ወጣ። አንዱንም አልሰሙት።

ቤቱ ጭር አለ።

እማማ ጓዴና ሳጥኑ ተፋጠጡ።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቄሱም ገና አልመጡም... በመጨረሻ አላስችል አላቸው።

«ከመርገሜ በፊት እስኪ ዓይኔ ይየው!»

እጃቸውን ዘረጉ። ሳይነሱ፣ ሳይንፏቀቁ፣ ጣታቸው ክዳኑ ላይ ዐረፈ።

ቀና አደረጉት...

እንፋሎት!

ትኩስ እንፋሎት ፊታቸው ላይ ቦነነ። በስፖንጁና በነጩ ጨርቅ መሀል ድስት ተሸጉጧል። የገብስ ቅንጬ፣ በቅቤ የራሰ! በጎኑ ባለው ክፍል አጥሚት በጆግ። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ለእጃቸው መታጠቢያ ለብ ያለ ውሃ።

ሳጥኑ የረዘመው ለካ ለዚህ ነው።

«ወይ እመቤቴ... ወይ እመቤቴ...»

ማንኪያውን አንስተው ቀመሱ። ጠዋት የተሠራ ቅንጬ አፋቸውን አቃጠላቸው።

ገና ድስቱን ሳያጋምሱ በሩ ብርግድ አለ። ፍሬው ነው። ስልኩን እንደጨበጠ ያለከልካል።

«እማዬ! ከፈትሽው?»

«አንተ... በምን አወቅህ?»

«ክዳኑ ሥር አሮጌ ሞባይል ገጥሜበታለሁ። ሲከፈት ሚስኮል ያደርግልኛል። ምሳሽን መብላትሽን የማውቅበት ነው። ድመቷ ስትወፍር አንቺ ስትከሺ አላየሁም መሰለሽ?»

እማማ ጓዴ አፈሩ።

«ክሩስ? ለምን ለካኸኝ?»

«ወገብሽን ሳታንቀሳቅሺ እጅሽ የት ድረስ እንደሚደርስ ላውቅ ነዋ!»

እንባቸው ቅንጬው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ይሄኔ የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ትርሲት ከኋላቸው ተሸጉጣለች።

«እህ... የሚረገመው የታለ?» አሉ ቄሱ።

እማማ ጓዴ አፋቸው ሙሉ ነው። በእጃቸው «ይጠብቁኝ» አሉና ውጠው ጨረሱ።

«አባቴ፣ ለምርቃት ነው የጠራሁዎት! ልጄ... እጅህ አይዛል። የነካኸው ሁሉ ይባረክ። እኔን እንደጦርከኝ የሚጦርህ ልጅ ይስጥህ!»

«አሜን!» አለ ፍሬው ጉልበታቸውን ስሞ።

«አሜን!» አለች ትርሲትም፣ ከሁሉም ጮክ ብላ።

ዛሬ እማማ ጓዴ በምርኩዝ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ተመስገን ነው። ትርሲት ደግሞ «ለእኔም አንድ ሥራልኝ» ብላ ፍሬውን መውጫ መግቢያ አሳጥታዋለች። ሰው እኮ ጉድ ነው!

እማማ ጓዴ ግን አሁንም ትኩስ ምሳቸውን እየበሉ ያስጠነቅቁታል...

«ስሞት በሰሌን ነው፤ ሰምተሃል?»

ወዳጆቼ... ጎረቤት በመስኮት ያየውን ይነግረናል። የሠራው ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ግን ራሱን ካልጠየቅነው ማን ይነግረናል? ከመቀየማችን በፊት ክዳኑን እንክፈት።

እናንተስ... ድምፁን አጥፍቶ ለእናንተ የለፋላችሁ፣ እናንተ ግን በክፉ የተረጎማችሁበት ሰው አለ? ስሙን ከታች ጻፉትና ዛሬውኑ «አመሰግናለሁ» በሉት።