የዘጠኝ ሰዓት ግብዣ

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ስገልጥ፣ ካሴ ሊታጠብ ተነሥቷል። ከጎንደር የመጣው ጋባዡ ግን ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም።

በወረታ «የት ይበላል?» ብሎ የጠየቀን መንገደኛ፣ ባለባጃጁ ሳያቅማማ እኔ በር ላይ ያወርደዋል። አልኮራም አልልም፤ እኮራለሁ። ጣና አጠገብ ደርሶ ዓሣ ያማረው ሰው ሲመጣብኝ፣ ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በሑዳዴ ከሸዋነሽ ቤት የሚገኘው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ስልጆ ነው እለዋለሁ። የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራዬን ከቀመሰ በኋላ ዓሣውን መልሶ ያነሣ የለም።

ካሴም ቤቴን የመረጠው ለዚህ ነው፤ በዚህ ወር ክርስቲያኑም እስላሙም ሳይሳቀቅ የሚበላው ምግብ እዚህ አለ። ካሴ የፎገራ ገበሬ ነው። ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው፣ ሐይቁ ዳር እናቷ ዘንድ ልትወልድ መጥታ የነበረችውን ኢክላስን፣ ምጥ እንደያዛት በታንኳው ጭኖ አስፋልቱ ድረስ አደረሳት። ዛሬ ኢክላስ ሕፃኗን ታቅፋ ከባሏ ከአብዱልሃኪም ጎን ተቀምጣለች።

አብዱልሃኪም ከጎንደር ስንት ጊዜ ተመላልሷል! ብር ይዞ መጣ፤ ካሴ እምቢ አለ። ጊደር ገዝቶ ነዳለት፤ መልሶ ነዳበት። በመጨረሻ «እንግዲያስ ልጋብዝዎትና አብረን እንብላ» ሲለው ብቻ እሺ አለ። ቦታውንም ሰዓቱንም የወሰነው ካሴ ነው፤ ሸዋነሽ ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እንደወጣ።

ካሴ እጁን እያራገፈ ይመለሳል። «ታጠብ እንጂ፣ ምነው?»

«አንቱ ይብሉ፣ አያ ካሴ» ይላል አብዱልሃኪም አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ቆየት ብዬ…»

ያኔ ነው ለሁለታችንም የበራልን። ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ማዶ የሸሪፋ ምግብ ቤት ተዘግቶ መዋሉን እያየሁ እንኳ ልብ አላልሁም። ካሴ የራሱን ጾም መፍቻ አስቦ ሲቀጥር የሰውየውን ጾም ረሳ፤ ሰውየው ደግሞ ሰዓቱን ቢያስለውጥ ግብዣው እንዳይቀርበት ፈርቶ ዝም ብሎ መጣ።

«ውይ! ጾመኛ ሰው ጠርቼ ምግብ ፊት አስቀመጥሁት!» የካሴ ፊት ይለዋወጣል።

ኢክላስ ኀፍረቱን ማየት አልቻለችም። «እኔ አጥቢ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል። ከኔ ጋር ይብሉ።»

«አንቺ ብይ ልጄ። እኔ ልሂድ፤ ሌላ ቀን ይሁን» ይልና ካሴ ዱላውን ያነሣል። አብዱልሃኪም ብድግ ይላል፤ ግን ሊይዘው አልደፈረም።

ካሴን አውቀዋለሁ። ከዚህ በር ከወጣ ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም። አብዱልሃኪም ምስጋናውን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ሊኖር ነው። ያውም በኔ ቤት! ንድድ አለኝ። ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ።

«በመድኃኔ ዓለም! ከዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ የለም፤ ባንተ አይጀመርም።»

«እሱ እያየኝ እንዴት ልብላ?»

«ማን አሁን ብላ አለህ? በሰሞነ ሕማማት እስከ ማታ ትጾም የለ? ዛሬ ምን አነሰህ?»

«ይመሽብኛል፣ ሸዋነሽ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ያን ጊዜ በዚያ ውሃ ላይ ሌሊቱን ስትቀዝፍ አልመሸብህም?»

ካሴ ኢክላስን ያያል፤ ሕፃኑን ያያል። «ምላሷን እኮ አትችሏትም» ይልና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል።

ለኢክላስ ለብቻዋ በሳህን አቀርብላትና ትሪውን ከድኜ ወደ ጓዳ እመልሰዋለሁ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ ዘንድሮው ክረምት ያወጋሉ። ኢክላስ ልትበላ ሕፃኑን ለካሴ ሰጠችው፤ እሱም ጋቢው ውስጥ አስገብቶ አስተኛው። ከብቶቹ ከሜዳው ይገባሉ፤ ፀሐይዋ ወደ ጣና ታዘቀዝቃለች። ሸሪፋ ወሬው ደርሷት ቴምር በሳህን ይዛ ከማዶ ትሻገራለች።

«እንግዳዬን ቀማሽኝ አይደል?»

«በርሽን ብትከፍቺ መች ይመጡልኝ ነበር!» እላታለሁ፤ ተሳስቀን ትመለሳለች።

አዛኑ ይሰማል። አብዱልሃኪም ቴምሯን ቀምሶ ውሃውን ይጎነጫል፤ እኔም ትሪውን አሙቄ አመጣለሁ። ካሴ እጁን ሊዘረጋ ሲል ሕፃኑ ይንፈራገጥበታል፤ መልሶ እቅፍ ያደርገዋል።

«ስጡኝ» ትላለች ኢክላስ።

«ይተኛ፤ አትቀስቅሺው።»

አብዱልሃኪም ከእንጀራው ሰፋ አድርጎ ይቆርሳል፤ ከሽሮውም ከስልጆውም ይጠቀልላል። ጉርሻው የሚያህለው የለም። ወደ አፉ ያቀርብለታል። «በሞቴ፣ አያ ካሴ።»

ካሴ ያየዋል። ከዚያ ጊደሯን መልሶ የነዳው ሰው፣ ሁለት እጁ ሕፃኑን እንደያዘ፣ አፉን ይከፍታል።