አፈር ውስጥ የቀረው

ካምሲንግ ስልኩን ለአማቱ ዘረጋላት። ከእንጉዳዩ ፎቶ ግርጌ በአረንጓዴ «የምስጥ እንጉዳይ፤ ይበላል» የሚል ተጽፏል። እሷ ግን እሱ ራሱ እንጉዳዩን አጥቦ፣ ከትፎ የጣደው ድስት ላይ እንዳፈጠጠች ናት። የበተነችበት ጥሬ ሩዝ እንደነጣ ነው፤ መርዝ ቢኖርበት ይጠቁር ነበር። እናቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነው።

«ስልኩም ሩዙም መሰከሩ፤ እማማ፣ ከዚህ ወዲያ መነኩሴ ጠርተን እናስመርቅልዎ?»

«አንተ ደግሞ ሆድህ ይቀድማል!» አለችና ሳቀች። የመጀመሪያው ሳህን የአባወራው ስለሆነ ቀድታ ለካምሲንግ ሰጠችው፤ እሱም በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤት ሥር ለተቀመጠው ባሏ አድርሶ ተመለሰ። እሷ የተረፈውን እንጉዳይ ለጎረቤት ልታካፍል ቅርጫቱን ሳበች። አንዱን አንስታ ገለበጠችው። አገዳው በቢላ ተቆርጧል። የምስጥ እንጉዳይ ረጅም ሥር አለው፤ እሱን የሚመስለው ገዳይ እንጉዳይ ደግሞ ከታች ነጭ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። እጇ ላይ ያለው ሥርም ከረጢትም የለውም። ሌላውንም አየች፤ ያው ነው።

«ከታች ያለው የታለ?»

«አፈር ውስጥ ነዋ! ከላይ ቁረጠው፣ ለከርሞ ከዚያው ይበቅላል ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ፎቶውንስ መቼ አነሳኸው?»

«ከቆረጥኩት በኋላ…» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

ከወለሉ በታች ማንኪያ ሳህን ሲፍቅ ተሰማ።

«ዛሬስ እጅሽ ይባረክ!» አለ ባሏ። «እስቲ ጨምሪልኝ።»