የአልፊያ መህር

«እቴቴ፣ ሼኹ እየጠበቁ ነው» አለ ኑሕ፣ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «መህርሽ ምን ይሁን? ምን ልበላቸው?»

አልፊያ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ ናት። ሳሎን ውስጥ ሼኹና ሽማግሌዎቹ ከሙሽራው ከጀይሉ ጋር ተቀምጠዋል። ጀይሉ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኑሕ ወንድሟ ስለሆነ ኒካሁን የሚያስርላት እሱ ነው፤ ሙሽራው መህር ብሎ ምን እንዲሰጣት እንደምትፈልግ ከራሷ አፍ ሰምቶ፣ አብሮት ከገባው ምስክር ከጎረቤታቸው ከአህመድ ጋር ወደ ሳሎን መመለስ አለበት።

ልጇ ሃፊዛ አጠገቧ ሆና የእናቷን ሻርፕ ታስተካክላለች። ሻርፑ ምንም አልሆነም፤ እጇ የሚሠራው አጥቶ ነው። ጠዋት እናቷ «ልብሽ ካልፈቀደ ከኒካሁ በፊት ንገሪኝ፤ ሰዉን አብልቼ እሸኘዋለሁ» ብላታለች፣ ቀልድ በሌለው ድምፅ። ሃፊዛ እስካሁን ፈቅዷልም አልፈቀደምም አላለችም።

ወር ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት። ሃፊዛ «ምን ጎድሎሽ ነው የምታገቢው?» ትላለች፤ እናቷ «ምንም» ትላለች። ይህን «ምንም» ሃፊዛ አላመነችውም። አባቷ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ያልጎደለ ነገር የለም ብላ፣ ከቀራንዮ እየተመላለሰች የጎደለውን ስትሞላ ከረመች። ኮርኒሱን አሳደሰች፣ ፍሪጅ አስገባች፣ እግሩ የተሰበረውን ሶፋ አውጥታ በአዲስ ተካችው። እናቷ ለእያንዳንዱ አመስግና፣ እጇን ዘርግታ መርቃት፣ የሠርጓን ቀን ቆረጠች።

«ወርቅ ልበል?» አለ ኑሕ።

«ወርቅ ምን ያደርግልኛል?»

«ባዶውን ግን አይሆንም፣ ወይዘሮ አልፊያ» አለ አህመድ ጉሮሮውን እየጠራረገ። «ትንሽም ቢሆን የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይጥሩ።»

«እሺ፣ ቆዩ ላስብ።»

የምሯን ማሰብ ጀመረች። ዓይኗ ከቁም ሳጥኑ ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ገበያ ወጥቶ ምን ሊገዛ እንደመጣ እንደጠፋው ሰው ግንባሯን ቋጥራ፣ የሚጎድላትን ነገር ፈለገች። ኑሕ የቆመበትን እግር ቀየረ።

ሃፊዛ ልጅ ሳለች እናቷ ፀጉሯን እየሠራች የምትነግራት ተረት ነበር። አንዲት ቆንጆ የወደዳትን ጎበዝ ፀሐይ ያላየው የምንጭ ውሃ አምጣልኝ ትለዋለች። ያመጣል። ከሰባት ወንዝ ማዶ ያለች ወፍ ላባ አምጣልኝ ትለዋለች፤ ያንንም ያመጣል። ቆንጆዋ አንድ ነገር እስከፈለገች ድረስ ተረቱ ይቀጥላል። አንድ ቀን ግን ጎበዙ አቧራ ለብሶ ሲመለስ ታየውና ምንም ሳትጠይቀው ትቀራለች፤ ተረቱም እዚያው ያልቃል። ሃፊዛ በዚህ ትናደድ ነበር። «እማ፣ ሌላ ነገር አስጠይቂያት» እያለች ትነዘንዛለች። እናቷ ግን «የምትፈልገው አጣችዋ፤ ምን ላድርጋት?» ብላ ጉንጉኑን ትቋጫለች።

እንዲህ ያለው ነገር በተረት ብቻ ነው ብላ ነው ያደገችው። አሁን ግን የሚጎድላትን ፈልጋ ፈልጋ የማታገኝ ሴት አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ለይሉኝታም አይደለም፣ ለማስመሰልም አይደለም። ሃፊዛ ፈራች። ጫማ ወልቆ የሚገባበት ቦታ ሳታውቅ ከነጫማዋ የገባች መሰላት፤ እጇን ከሻርፑ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«አጣሁ» አለች አልፊያ በመጨረሻ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «ወላሂ አጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ታገቢዋለሽ?» አለች ሃፊዛ። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ሳየው ደስ ይለኛላ።» እናቷ ሌላም ምክንያት ካለ ብላ ትንሽ አሰበች፤ አልነበረም። «ሲጎድል የሚታይሽ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እስቲ አንቺ ጥሪልኝ።»

ሁለቱ ሰዎች ወደ ሃፊዛ ዞሩ። እሷም እንደ እናቷ ቤቱን አየች። የገዛችው ሁሉ አለ፣ ያሳደሰችው ሁሉ እንዳማረበት ነው። ነገ ይህ ቤት ይዘጋል፣ እናቷም ወደ ማዞሪያው ትሄዳለች። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እሷ የት ነው የምትሄደው? ወር ሙሉ በፍሪጅና በሶፋ ስትሞላው የነበረው ጉድለት የማን እንደሆነ አሁን ገባት፤ እንባዋ መጣ።

«ቁልፍ» አለች። «የጋሽ ጀይሉ ቤት ቁልፍ። ለእኔ።»

ኑሕ ግራ ገባው። «ሃፊዝዬ፣ መህር እኮ የሙሽራዋ ነው።»

«የእኔማ ነው» አለች አልፊያ። ፊቷ በርቷል፤ የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እሱን ነው የምፈልገው። ልጄ ሳታንኳኳ እንድትገባ። እንደዚሁ በላቸው።»

ሰዎቹ ሄዱ። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አዳመጡ። መጀመሪያ የኑሕ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሼኹ ጥያቄ መጣ። ከዚያ ቁልፎች ሲንቀጫቀጩ ተሰማ። ሙሽራው አንዱን ከመያዣው ሽቦ ሊያወጣ እየታገለ ነበር፤ አልላቀቅ ብሎት ኖሮ፣ «ጥፍር ያለው ሰው የለም እንዴ?» ሲል ሰሙት።