ቡናማዎቹ ነጥቦች

አንደኛው ላቦራቶሪ የመምህርቷ የጡት ዕጢ ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲን የለውም አለ፤ ሌላው ሞልቶታል አለ። ካለው ሆርሞኑን የሚያግደው እንክብል ይሠራላታል፤ ከሌለው ከንቱ ነው።

«እስቲ ራስሽ እዪው፣ እህቴ» አላት ሐኪሙ ከማይክሮስኮፑ ፊት ተነሥቶ። «በአንደኛው ናሙና ጤነኛው የወተት ቧንቧ እንኳ ቀለም አልያዘም። ፕሮቲኑ ግን ከጤነኛ ቧንቧ አይጠፋም፤ ፕሮቲኑን ቡናማ አድርጎ የሚያሳየው ማቅለም ነው የከሸፈው። ይሄ ሁለተኛው ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ጤነኛው ቧንቧ ላይ ቡናማ ነጥቦች ጣል ጣል ብለዋል፤ ዕጢው ውስጥ ግን እንደ ተደፋ ምስር ጢም ብለዋል።

«ልጄን ያጠባሁበትን ጡት ያሳደጉት እነዚህ ናቸው?»

«እነዚሁ። አሁን ዕጢውን የሚያሳድጉትም እነሱው ናቸው።»

«አቤት የሰው ገላ! ጠላቴም ባለውለታዬም አንድ ሆኖ አረፈው?» ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አልነቀለችም። «በሉ ዶክተር፣ እንክብሉን ይዘዙልኝ፤ ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»