የዘገየ «እኔን!»

ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች ተብዬ፣ ስለ ማብረጃው የምናገረውን የሚሰማኝ የለም። ማብረጃ ከእኔ ቢጤ አሮጊት በቀር ሰው ሁሉ እጁ ላይ የሚያስረው አምባር ነው፤ ልብ ድንገት የገፋፋውን ነገር እስኪመዝን ድረስ እጅንና ምላስን ይዞ ያቆያል። ጥሩ ነገር የለውም አልልም፤ የጎረቤቴ ባል ዱላ ማንሳት ትቷል።

ዛሬ ጠዋት ግን መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ በጎኔ ወደቅሁ። ልጄ ሰናይት በሩ ላይ ሆና አየችኝ። አፏ እንደተከፈተ፣ እጇ ወደ እኔ እንደተዘረጋ ደርቃ ቀረች። ግድግዳውን ይዤ ተነስቼ የቀሚሴን ጫፍ ስጨምቅ አምባሯ አረንጓዴ በራ።

«እኔን! እኔን እናቴን!»

«አሁንማ ምን ያደርግልኛል? ድሮ የመንገድ ሰው እንኳ ቶሎ ይል ነበር!»

«እማዬ፣ ውስጤ ጮኾ ነበር እኮ!» አለችና ልታቅፈኝ ስትል እጇ እንደገና አየር ላይ ቆመ።

አንጀቴን በላችው። ዓይኗ ሲለምነኝ እያየሁ እኔው አቀፍኳት።

«ፍቺው» አልኳት።

«ያለሱ ሥራ አያስገቡኝም።»

«ልጅሽ መዳህ ጀምራለች፣ ሰናይት። ወደ ምድጃው ስትሄድ እንደ ሐውልት ቆመሽ ልታዪያት ነው? ቤት ስትገቢ ፍቺው። አሁን፣ እኔ ፊት፣ ፍቺው!»